ከቤተ ክርስቲያን ቡድን ጋር ኤል ሳልቫዶር ልሂድ ወይስ የቲኬቱን ብር ልላክላቸው?

የቤቲ እናት (ሚኒሶታ) · ጁን 3፣ 2025

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ነርስ ነኝ። አሜሪካ ከመጣሁ 17 ዓመቴ። እሁድ እሁድ የምሄደው ሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጄ ቤቲ ግን የሰፈራችን ፈረንጆች ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጋር ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት። እሷን ሳደርስና ስመልስ ከሰዎቹ ጋር ተላመድኩ። አሁን ጭራሽ የኮሚቴ አባል አድርገውኛል። (ኮሚቴ እዚህም አልቀረልኝም።)

ይህች ቤተ ክርስቲያን ኤል ሳልቫዶር (መካከለኛው አሜሪካ) ገጠር ውስጥ ካለች አንዲት ጉባኤ ጋር እህትማማች ነን ይባባላሉ። በየሁለት ዓመቱ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ሄዶ ይጠይቃቸዋል። «የማኅበራዊ ፍትሕ መንፈሳዊ ጉዞ» ይሉታል። ዘንድሮ ከጁላይ 28 እስከ ኦገስት 7 ነው። ለአንድ ሰው 2,300 ዶላር። ለእኔና ለቤቲ 4,600 መሆኑ ነው።

ስብሰባ ላይ «እዚያ ሄደን ምንድን ነው የምንሠራው?» ብዬ ጠየቅኩ። ትምህርት ቤት እንቀባለን፣ ጉድጓድ እንቆፍራለን የሚሉ መስሎኝ። አስተባባሪዋ «ምንም አንሠራም፣ እናዳምጣለን» አለችኝ። 4,600 ዶላር ከፍዬ ላዳምጥ! ባለቤቴ ሲሰማ በሳቅ ሞተ። «በስልክ ቢያወሩሽ አይሻልም?» አለኝ።

በዚያ ላይ በዚህ ብር አገር ቤት ስንት ነገር ይሠራል። የእናቴ ቤት ጣሪያ ያፈሳል። እሱን ትቼ የማላውቀው አገር የማላውቀውን ሰው ላዳምጥ ብል እግዜርም ይታዘበኛል።

እንዲህ ያለ ጉዞ የሄደ ካለ ይንገረኝ። መቀለድም ትችላላችሁ፣ ግን ቁም ነገሩንም ጨምሩበት።

ሒሳብ ሹሙ (ፍራንክፈርት) · ጁን 3

እህቴ፣ 12 ሰው በ2,300 ሲባዛ 27,600 ዶላር ነው። ይህ ብር በቀጥታ ለዚያች ጉባኤ ቢላክ ስንት ነገር እንደሚሆን አስቢው። ግን አይላክም። ብር ሲላክ ፎቶ የለማ!

እዚህ ጀርመንም አያለሁ። ሁለት ሳምንት አፍሪካ ደርሰው ይመጡና አዳራሽ ውስጥ ስላይድ ያሳያሉ። «ምንም የላቸውም፣ ግን እንዴት ደስተኞች ናቸው!» ይላሉ። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ኬኬን እየበላሁ እሰማለሁ። እንግዳ ፊት ማን ይኮሳተራል? ወጪውን የሚያሰሉት እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው።

የእናትሽን ጣሪያ አሠሪ።

እማማ ጀበና (ሲልቨር ስፕሪንግ) · ጁን 4

የቤቲ እናት፣ ልጄ፣ ጣሪያው ይቅደም። በዚህ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ነኝ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለቅሶ ቤት ሄደሽ ምን ትሠሪያለሽ? ትቀመጫለሽ። «እግዜር ያጥናችሁ» ትያለሽ። ንፍሮ ካቀረቡልሽ ቆንጠር ታደርጊያለሽ። ሌላ ሰው ሲገባ ጠጋ ትያለሽ። ይኸው ነው። «የታክሲውን ብር ብትልኪልን ይሻል ነበር» ያለሽ ሰው አለ? ብትቀሪ ግን ዓመት ሙሉ ትታሚያለሽ።

እነዚያ ሰዎች ጦርነት ያሳለፉ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። እናዳምጣለን ያለችሽ ሴትዮ ነገሩ ሳይገባት አልቀረም።

ሒሳብ ሹሙ · ጁን 4

እማማ፣ አክባሪዎ ነኝ፤ ምሳሌዎ ግን ግማሹ ቀርቷል። ለቅሶ ብድር ነው። እርስዎ ቤት መጥቶ የተቀመጠ ሰው፣ ሲደርስበት እርስዎም ሄደው ይቀመጡለታል። የኤል ሳልቫዶር ሰዎች የሚኒሶታው ፈረንጅ እናቱ ስትሞትበት መጥተው ይቀመጡለታል? ማን ቪዛ ሰጥቷቸው! ሁልጊዜ አንዱ ወገን ብቻ የሚደርሰው ለቅሶ አላውቅም።

ሐዋሳ ታቦር (ሐዋሳ) · ጁን 5

እኔ ከተቀባዩ ወገን ነኝና ልናገር። 9 ዓመት አንድ ቤተ ክርስቲያን የልማት ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስሙ ይቅር፣ የጓደኞቼ እንጀራ አሁንም እዚያ ነው።

እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ቢሮው ሠርግ ቤት ይሆናል። መኪና ይታጠባል፣ ነዳጅ ይፈለጋል፣ ሪፖርት የሚጽፈው ልጅ ሪፖርቱን ትቶ የበግ ዋጋ ሊጠይቅ ይሄዳል። ተማሪዎች መዝሙር ይለማመዳሉ፣ ያውም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ። አንድ ትምህርት ቤታችን በ6 ዓመት 4 ጊዜ ተቀብቷል። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ እንደገና ሰማያዊ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስሙ የማይታወቅ አንድ ቀለም። የሴቶቹ ሽንት ቤት በዚያ ሁሉ ዓመት በር አልነበረውም። ለምን አልተናገራችሁም ትሉኝ ይሆናል። ቀለም ይዞ ከባሕር ማዶ የመጣን ሰው «ቀለሙ በቃን» ማለት እንዴት ይቻላል? ይሉኝታ አለ። የሚቀጥለው ዓመት በጀትም አለ።

አንድ ቡድን ግን አልረሳም። ከመካከላቸው አንድ ደንዳና ሽማግሌ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን የወተት ላም ሲያረቡ የኖሩ። ከሴቶቹ የቁጠባ ማኅበር ጋር ተቀመጡ። ወተት በሊትር ስንት ነው አሉ። መኖስ አሉ። ከዚያ ስለ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ። የአባታቸውን እርሻ ባንክ ወሰደው። ላሞቹ መኪና ላይ ሲጫኑ በረቱ በር ላይ ቆመው ነበር። የምተረጉመው እኔ ነኝ። አንዷ እናት አቋረጠችኝና «ፈረንጅም በዕዳ ይሸጥበታል?» አለችኝ።

እውነቱ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማን ከአራጣ አበዳሪ እንደተበደረች፣ የማን ባል የማኅበሩን ብር ይዞ እንደጠፋ። በ9 ዓመት ያልሰማሁትን በአንድ ከሰዓት ሰማሁ። ሰውየው አምስት ሳንቲም አልሰጡም።

እና የቤቲ እናት፣ ከሄድሽ የራስሽን ይዘሽ ሂጂ። ዝም ብሎ የሚያዳምጥ እንግዳ መርማሪ ይመስላል።

ሒሳብ ሹሙ ስለ ቪዛ ያልከው እውነት ነው። ሰባት ቡድን ተቀብለናል። ካቻምና እነሱ በተራቸው ቄሳችንን ጋበዙ። የግብዣ ደብዳቤ አለ፣ የባንክ ወረቀት አለ፣ የጋብቻ ወረቀት አለ። ማመልከቻው ብቻ 185 ዶላር ነው፣ ተከለከልክም አልተከለከልክ አይመለስም። የአዲስ አበባ መሄጃና ማደሪያ ሲጨመርበት አስቡት። መስኮቱ ጋ ሁለት ደቂቃ አልቆሙም። ያቺን የታወቀች የክልከላ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት ጋባዦቹ መጡ። 11 ሆነው።

ዲያቆኑ (አትላንታ) · ጁን 5

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «ማኅበራዊ ፍትሕ» ሲባል ፖለቲካ ይሸተኛል። ለእኛ መንፈሳዊ ጉዞ ማለት ግሸን ነው፣ ላሊበላ ነው፣ ኢየሩሳሌም ነው። ሰው ለበረከት ይሄዳል። እነዚህ ለማስተማር አይሄዱም፣ ቤት ለመሥራት አይሄዱም፣ ለመሳለም አይሄዱም። ታዲያ ለምን?

በፊት የሄድኩ (ሲያትል) · ጁን 6

ዲያቆን፣ ለመሳለምም ይሄዳሉ ብልህ ታምነኛለህ? በ2019 ከአንድ የካቶሊክ ደብር ጋር ሄጄ ነበር።

የሳን ሳልቫዶር ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ ማርች 24፣ 1980 ቅዳሴ ላይ እያሉ በጥይት ተገደሉ። ቦታው የካንሰር ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ያለ ትንሽ ጸሎት ቤት ነው። መኖሪያቸውም እዚያው ግቢ ነበር። ዋዜማውን፣ እሁድ ዕለት፣ ወታደሮቹን ሕዝብ መግደል አቁሙ ብለው በስብከታቸው አዘው ነበር፤ ስብከቱም በሬዲዮ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነት እስከ ጃንዋሪ 1992 ቆየ። 75 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ሮሜሮን ፖፕ ፍራንሲስ በ2018 ቅዱስ ብለው ሰየሟቸው። ያ ጸሎት ቤት ስትገባ እውነትም እግርህ ይከብድሃል።

አሁን «ምንም አንሠራም» ወደሚለው ልመለስ። የአሜሪካ መንግሥት ለዚያ ጦር ብርና መሣሪያ ይሰጥ ነበር። የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያኖች ወደዚያ መመላለስ የጀመሩት በዚያው ዘመን ነው። በ1987 ሆንዱራስ፣ ሜሳ ግራንዴ ከሚባል ካምፕ ከ4 ሺህ በላይ ስደተኞች ጦርነቱ ሳያልቅ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ፈረንጆች አብረዋቸው ነበሩ። ሥራቸው ምን ነበር? መታየት። ወታደሩ ፈረንጅ በተቀመጠበት አውቶቡስ ላይ ከመተኮሱ በፊት ያመነታል። ሁልጊዜ ያመነታል ማለት ደግሞ አይደለም፤ ዲሴምበር 1980 አራት አሜሪካውያት፣ ሦስት መነኮሳትና አንዲት ምእመን፣ እዚያው ተገድለዋል። ብቻ እዚያ አገር «አብሮ መቀመጥ» ዝም ብሎ የመጣ ወግ አይደለም።

የቤቲ እናት፣ ለአንቺ የሚሆን ደግሞ ይኸውልሽ።

ፓስፖርትሽ የኢትዮጵያ ከሆነ ዛሬውኑ አየር መንገዱን ጠይቂ። ኦክቶበር 2023 ላይ ለአፍሪካና ለህንድ ፓስፖርት ኤርፖርታቸው 1,130 ዶላር ማስከፈል ጀምሮ ነበር። አስተባባሪሽ ፈረንጅ ናት፣ በሕልሟም አይመጣላትም። የአሜሪካ ፓስፖርት ካለሽ እለፊው።

ብር መመንዘር የለም፣ ከ2001 ጀምሮ የሚገበያዩት በዶላር ነው። ግን ባለ 1 እና ባለ 5 ያዢ፤ ባለ 50 ይዘሽ ገጠር ሱቅ ብትገቢ ባለሱቁ መልስ ፍለጋ መንደሩን ይዞራል። ፑፑሳ ብዪ። በቆሎ ሊጥ ውስጥ ባቄላና አይብ ከትተው ምጣድ ላይ የሚጠፈጥፉት ቂጣ ነው። በእጅ ነው የሚበላው፣ እፎይ ትያለሽ።

ሰላም ነው ወይ ለሚለው፣ መንገዱ ሰላም ነው። ስቴት ዲፓርትመንትም ባለፈው ኤፕሪል ደረጃ 1 (ስጋቱ ከሁሉ ያነሰ) አድርጓታል። ግን ከማርች 2022 ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ናቸው፣ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ታስሯል። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምን እንደሆነ ለሐበሻ አላስረዳም። የሚነግሩሽን ሰዎች ስምና ፊት ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊ። ቤቲንም አስጠንቅቂያት።

ሒሳብ ሹሙ፣ ላኩላቸው ላልከው ደግሞ፤ ባለፈው ወር የወጣው ሕግ ማኅበራት ከውጭ በሚቀበሉት ገንዘብ ላይ 30 በመቶ ግብር ጥሏል። ሕጉ ከነካቸው ከ27,600ው ላይ 8,280 ዶላር ለመንግሥት ነው። ሒሳብ ትወዳለህና ብዬ ነው።

ሐዋሳ ታቦር · ጁን 6

እኛም የ70/30 ዘመንን አንረሳም፣ ማኅበራት ከወጪያቸው ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ እንዳያወጡ የታዘዙበትን። ይኸኛው ይባስ።

ሮሜሮ ሲነሱ የእኛው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ትዝ አሉኝ፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ተወስደው ተገደሉ። ከሮሜሮ ስምንት ወር ያህል ቀድመው ማለት ነው። ዲያቆን ፖለቲካ ይሸተኛል ላልከው፣ ሁለቱንም የገደሏቸው ሰዎች ያኔ ያሉት ይህንኑ ነው።

በእሳቸው ዘመን፣ በፈረንጅ 1972፣ ቤተ ክርስቲያኗ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። በራሴ አነጋገር ላሳጥረው። ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ብር ትሰጡናላችሁ፤ ለወንጌል ሥራ ስንጠይቅ እጃችሁ ያጥራል። እኛ ዘንድ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም። ምን እንደሚያስፈልገን እኛን ጠይቁን። ይህን ያለችው ብር ተቀባይዋ ናት፣ ያውም ለሰጪዎቿ! ቢሯችን ውስጥ የዚያ ደብዳቤ ቅጂ ነበር። እኛ ግን የሽንት ቤት በር እንኳ መጠየቅ አቃተን።

ዲያቆኑ · ጁን 7

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንም አትርሷቸው። እሳቸውም የተገደሉት በዚያው ክረምት ነው። የእሳቸውም የቄስ ጉዲናም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ።

የቤቲ እናት፣ ቀኑን ሳየው ኦገስት 6 እዚያው ነሽ። የአገሪቱ ታላቅ በዓል የዚያን ቀን ነው። የዓለም መድኃኒት ይሉታል። መድኃኔ ዓለም ማለት አይደለም? በዓሉ ደግሞ ደብረ ታቦር ነው! የእኛ ነሐሴ 13 በአሮጌው አቆጣጠር ኦገስት 6 ናትና። ሙልሙል ይዘሽ ሂጂ።

የቤቲ እናት · ጁን 15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

ጣሪያው ተጀምሯል። እማማ፣ ይኸው ታዘዝኩ።

ፓስፖርቴ አሜሪካዊ ነው፣ ከ1,130ው አመለጥኩ። ለአስተባባሪዋ ስነግራት ግን ፊቷ ቀላ። ከእኛ ጋር አንድ ናይጄሪያዊ ሽማግሌ ሊሄዱ ተመዝግበዋል፣ ግሪን ካርድ ናቸው። ማንም አላጣራላቸውም ነበር። አሁን እየተደወለ ነው።

ሦስተኛ፣ ኮሚቴው ላይ የሒሳብ ሹሙን ጥያቄ አነሳሁ። እነሱስ ስንት ጊዜ መጥተዋል? ዝምታ። አንዷ ባልቴት ጣቷን ቆጠረች። በ19 ዓመት ሁለት ጊዜ ተጋብዘዋል፤ አንዴ መጡ፣ አንዴ ተከለከሉ። እኛ 9 ጊዜ ሄደናል። እንግዲያው እያንዳንዱ ተጓዥ 150 ዶላር ይጨምርና ለእነሱ መምጫ ይቀመጥ አልኩ። አንድ ሰውዬ ዋጋው ሊወደድ ነው ብሎ አጉረመረመ። «እኛ አገር እድር የሚባል ነገር አለ» ብዬ ጀመርኩ፣ ሃያ ደቂቃ አወራሁ። እንግሊዝኛዬ እንዲህ ፈሶ አያውቅም። አለፈ።

እሄዳለሁ።

የቤቲ እናት · ኦገስት 17

ተመልሻለሁ። ሆዴም እኔም ደህና ነን።

ሁሉን ብጽፍ አያልቅም። ሦስቱን ልጻፍ።

መጀመሪያ ዋና ከተማው ውስጥ ኩስካትላን የሚባል መናፈሻ ወሰዱን። ጥቁር ድንጋይ ግድግዳ አለ፣ በጦርነቱ የሞቱና የጠፉ ሰዎች ስም የተቀረጸበት። ከ25 ሺህ ይበልጣል። የመንደሩ ሰዎች ሊቀበሉን እዚያ ድረስ መጥተው ነበር። አንዲት አጭር አሮጊት፣ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ ስሙን በዓይን አልፈለጉም። በጣት ነው የፈለጉት። ጣታቸው ድንጋዩ ላይ ሄዶ ሄዶ ቆመ። ወንድማቸው ነው። ከዚያ ሽርጣቸውን አንስተው ስሙ ላይ ያለውን አቧራ ጠረጉት፣ ብርጭቆ እንደሚወለውል ሰው።

ዞር ብለው በአስተርጓሚ «አንቺስ አገርሽ ጦርነት ነበር?» አሉኝ። ሐዋሳ ታቦር የራስሽን ይዘሽ ሂጂ ብለኸኝ የለ? አጎቴ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ ነው የቀረው። አያቴ እስክትሞት ድረስ ማታ በር አታስቆልፍም ነበር። ይህን ተናገርኩ። አብረውኝ የመጡት ፈረንጆች ሦስት ዓመት ያውቁኛል፣ ለአንዳቸውም ነግሬያቸው አላውቅም። ቤቲም አልሰማችም ነበር። መስቀል አደባባይ ጥግ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ፎቶዎች ውስጥ አጎቴን ስፈልግ እኔም በጣቴ ነበር። የአጎቴ ፎቶ የለም።

አሮጊቷ ስሙን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፣ «ጸ» አልመጣላቸውም። እዚያ አገር የሞተ ሰው ስም ሲጠራ የቆመው ሁሉ «ፕሬዘንቴ!» ብሎ ይመልሳል። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ «አለሁ» እንደምንለው። የአጎቴን ስም ጮክ ብለው ጠሩት። አሥራ ምናምን የማያውቁት ሰዎች አለ ብለው መለሱለት። ከተወሰደ በ47 ዓመቱ ማለት ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሁለተኛው አሳፋሪ ነው። መንደሩ ስንደርስ ነርስ መሆኔ ተሰማ። የደም ግፊት መለኪያዬን ይዤ ነበር፣ አወጣሁት። ወዲያው ሰልፍ ሆነ። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም፤ በመጨረሻ የምሠራው ነገር አገኘሁ! ወደ አሥረኛው ሰው ላይ ስደርስ አንዲት ወጣት ሴት ደብተሯን ታቅፋ በሩ ጋ ቆማለች። የመንደሩ የጤና ሠራተኛ ናት፣ የእኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን በሏት። እነዚህ ሰዎች በየወሩ እሷ ጋ ነው የሚለኩት። ዛሬ ከአሜሪካ የመጣችዋ ትለካን ብለው ትተዋት ወደ እኔ ዞረዋል። ደብተሩ ላይ የሁሉም ቁጥር ከነቀኑ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ወረቀት እንኳ አልያዝኩም። አሥር ሰው ለክቼ ቁጥሩን ለአየር ተናግሬያለሁ።

መለኪያውን ለእሷ ሰጠኋት፣ እኔ ብዕር ይዤ ጸሐፊ ሆንኩ። ሐዋሳ ታቦር፣ የቀለሙ ነገር ያኔ ገባኝ።

ሦስተኛው ይሻላል። ቡና ይዤ ሄጄ ነበር፣ ጥሬ ይርጋጨፌ። ቂጣ የሚጋግሩበት ኮማል የሚሉት ነገር አላቸው፣ የለየለት የሸክላ ምጣድ ነው። እሱ ላይ ልቆላ ተቀመጥኩ። ስለ ቡና ሥርዓት በአስተርጓሚ ትልቅ ንግግር እያደረግኩ ነው። ያቺ የግድግዳዋ አሮጊት አጠገቤ ቆመው ያያሉ፣ ያያሉ፣ ያያሉ። ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱት። እያሳረርሽው ነው አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቡና ለቃሚ ናቸው ለካ! እሳቱን አሳንሰው ቀጥ አድርገው ቆሉት። ጭሱን ግን ለሰው ሲያዞሩ አላዩም ኖሮ፣ እሱን እኔ አሳየኋቸው። ሁሉም በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ ሳቀ።

ልጇ የታሰረባትም እናት አግኝቻለሁ። እሷን እዚህ አልጽፍም።

ዲያቆን፣ ኦገስት 5 ከሰዓት አደባባዩ ላይ ነበርን። የጌታን ሐውልት በሰልፍ ያመጡና ትልቅ የዓለም ሉል ውስጥ ያስገቡታል። ሲወጣ ልብሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቤቲ ጆሮዬ ላይ «ማሚ፣ ቡሄ ነው እኮ!» አለችኝ። ጅራፍ ብቻ ነው የቀረው።

ዲያቆኑ · ኦገስት 18

ነገ የእኛ ናት። እንኳን አብሮ አደረሰን። ቤቲን ሳሚልኝ።

እማማ ጀበና · ኦገስት 18

አጎትሽን ነፍስ ይማር። ቡናውን በማሳረርሽ ግን አፈርኩብሽ።

ሒሳብ ሹሙ · ኦገስት 19

አነበብኩት። አሁንም 27,600 ብዙ ብር ነው። ናይጄሪያዊው ሽማግሌ ሄዱ ወይስ ቀሩ? የመምጫው ሣጥንስ ውስጥ ስንት አለ?

የቤቲ እናት · ኦገስት 19

ቀሩ። ተመላልሶ መጣራት ነበረበት፣ ጊዜ አለቀ። ገና በፌብሩዋሪ መታየት የነበረበት ነገር ነው። ሣጥኑ ውስጥ 11 ሰው በ150፣ 1,650 ዶላር አለ። ለሁለት ሰው፣ ለአሮጊቷና ለጤና ሠራተኛዋ፣ የቪዛ ማመልከቻ 370 ስታወጣ፣ የቀረው ሁለት ቲኬት ይበቃል አይበቃም እያልን ነው።

ሒሳብ ሹሙ · ኦገስት 19

50 ዩሮ ከእኔ ጻፊ። ፎቶ አልፈልግም።

ሐዋሳ ታቦር · ኦገስት 20

እኔ ከዚህ ብር መላክ አልችልም። ግን ቄሳችን ሲከለከሉ የቀረበውን ጥያቄ ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ፣ በውስጥ መልእክት እልክልሻለሁ። ለሚቀርቡት ሴቶች አንብቢላቸው። ስለ ልጆቻቸውና ስለ መሬታቸው ሲጠየቁ ባጭሩ ይመልሱ። የእኛ ቄስ ስለ ወንጌል ማብራራት ጀምረው ነው መሰለኝ ጊዜው ያለቀባቸው።

የቤቲ እናት · ኖቬምበር 12

የሁለቱ ሴቶች የቪዛ ቀጠሮ ከትናንት ወዲያ ነበር። የጤና ሠራተኛዋ ተከለከለች። ወጣት ናት፣ አላገባችም፣ አትመለስም ብለው ይሆናል። አሮጊቷ ተሰጣቸው። በስልክ እንዳሉኝ ስለ ላሞቻቸውና ስለ ሰባት የልጅ ልጆቻቸው ብቻ ነው የተጠየቁት።

ለወጣቷ በፀደይ እንደገና እንሞክራለን። አሮጊቷ ማርች መጨረሻ ላይ ይገባሉ፣ እኔ ቤት ነው የሚያርፉት። በረዶ አይተው አያውቁም። ቁመታቸው ትከሻዬ ጋ ነው፣ እግራቸው የቤቲን የስድስተኛ ክፍል ጫማ ያህላል። ሚኒሶታ ያላችሁ፣ ትንሽ ቁጥር የበረዶ ቦት ያላት ሰው አለች?